«ያገለገለ ዕቃ» እና «የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ»፦ ድንበሩ የት ላይ ነው?

ከውጭ የሚገባ አሮጌ ኮምፒውተር የሚሠራ ከሆነ ዕቃ ነው። የማይሠራ ከሆነ ግን ደረሰኙ ላይ «ያገለገለ» ተብሎ ቢጻፍም ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የባዝል ስምምነት ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ ነው። የስምምነቱ መመሪያ ላኪውን ሁለት ነገር ይጠይቀዋል፦ ዕቃው ተፈትኖ እንደሚሠራ የሚያሳይ መረጃ፣ በጉዞ እንዳይሰበር የሚጠብቅ ማሸጊያ። ኮንቴይነር ውስጥ እንደ ድንጋይ የተከመረ ሞኒተር ሁለቱንም አያሟላም። «ለጥገና ነው» የሚለው ምክንያት ግን ዛሬም የሚያከራክር ቀዳዳ ነው።

ቀድሞ የተቀባዩን አገር የጽሑፍ ፈቃድ የሚጠይቀው አደገኛው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ አደገኛ ያልሆነውም ተጨምሯል። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት።

ይህ የፈቃድ ሥርዓት የሚቆጣጠረው ድንበር የሚሻገረውን ብቻ ነው። አገር ውስጥ ያረጀው በቆራሌው በኩል ምናለሽ ተራን ወደመሰሉ ገበያዎች ይሄዳል፤ ትልቁ ጉዳት የሚመጣውም ከአፈታቱ ነው። መዳብ ለማውጣት ሽቦ ሲቃጠል ከፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ክሎሪን ዳይኦክሲን የተባለ እጅግ መርዛማ ኬሚካል ይፈጥራል፣ መዳቡ ራሱ ሂደቱን ያፋጥነዋል። በቢላ ወይም በመላጫ ማሽን የተላጠ ሽቦ ጭስ የለውም፤ መዳቡም ስላልጠቆረ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። የድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን መስታወት እርሳስ ስላለበት መሰበር የለበትም። ያበጠ የሞባይል ባትሪ አይበሳም፣ አይጨመቅም፤ ከሌላው ተለይቶ ደረቅ አሸዋ ባለበት የብረት ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል።