የጥልቀት ግምት ምንድን ነው?

የጥልቀት ግምት ማለት አንድ ነገር ከካሜራው ምን ያህል እንደሚርቅ ከምስሎች ማስላት ነው፤ ጥልቀት የምንለው ያንን ርቀት ነው። «ካሜራ በበዛ ቁጥር ጥልቀቱ ትክክል ይሆናል» የሚል አስተያየት ሰሞኑን ደጋግሜ አየሁ። አንዱማ «አራት ካሜራ ካለው ርቀቱን ይለካዋል፣ አለቀ» ብሎ ደመደመ። ኧረ አላለቀም! ካሜራ ርቀት አይለካም።

ካሜራ የሚይዘው ብርሃኑ በየት አቅጣጫ እንደመጣ ነው። ከምን ያህል ርቀት እንደተነሳ አያውቅም። ጥልቀት የሚገኘው አንዱ ካሜራ ያየውን ነጥብ በሌላው ምስል ላይ ፈልጎ በማግኘት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የሦስት ማዕዘን ስሌት ነው፤ እሱ ቀላል ነው። ጣጣው ፍለጋው ላይ ነው።

ካሜራዎቹን እንደ ምስክር እንያቸው። ተጣብቀው ከቆሙ ቃላቸው አንድ ነው፤ ሁለተኛው ምንም አይጨምርም። በጣም ከተራራቁ አንዱ ፊቱን፣ ሌላው ጀርባውን ያያል፤ ስለ አንድ ነገር ማውራታቸውም ያጠራጥራል። ልሙጥ ነጭ ግድግዳ ፊት አሥር ሆነው ቢቆሙ እንኳ የትኛውን ነጥብ እንዳዩ መናገር አይችሉም። መስታወት ፊት ደግሞ እያንዳንዱ ሌላ ነገር ያያል፤ ግን አንዳቸውም አልዋሹም።

በቁጥር እንየው። የሌንሱ የትኩረት ርዝመት (ምስሉን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነው ልክ) 1000 ፒክሰል፣ በሁለቱ ካሜራዎች መካከል ያለው ርቀት 10 ሴንቲሜትር ይሁን። 1 ሜትር ላይ ያለ ነገር በሁለቱ ምስሎች ላይ ያለው የቦታ ልዩነት 100 ፒክሰል ነው። 10 ሜትር ላይ ግን 10 ብቻ። ፍለጋው በ1 ፒክሰል ሳተ እንበል፤ ልዩነቱ 100 መሆኑ ቀርቶ 99፣ 10 መሆኑ ቀርቶ 9 ሆነ። ቅርቡ ላይ ስህተቱ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሩቁ ላይ 10 ሜትሩ 11 ሜትር ከ11 ሴንቲሜትር ሆኖ ቁጭ ይላል! ርቀቱ 10 እጥፍ ሲሆን ስህተቱ 100 እጥፍ አለፈ።

ስለዚህ ጥያቄው ስንት ካሜራ አለ ሳይሆን የት ቆሟል ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ካሜራዎች አግድም የተዘረጋ ሽቦ ሲያዩ ግራ ይጋባሉ፤ ሽቦው በርዝመቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ሦስተኛ ካሜራ ከጎን ብትጨምሩ ለውጥ የለውም። ከላይ ብታደርጉት ግን ይፈታዋል። የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ደግሞ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ማንሳት አለባቸው፤ አለበለዚያ ስሌቱ ከመነሻው ተበላሸ።

ያ በቀለም ያሸበረቀ የጥልቀት ካርታም፣ ማለትም የእያንዳንዱን ነጥብ ርቀት በቀለም የሚያሳየው ምስል፣ ብዙ ሰው ያሳስታል። አብዛኛውን ጊዜ ሶፍትዌሩ ተዛማጅ ያጣባቸውን ቦታዎች ከጎረቤት ፒክሰሎች ገምቶ ይሞላቸዋል። የተገኘውና የተሞላው በአንድ ዓይነት ቀለም ተቀብተው ይቀርባሉ። ካርታውን ከማመናችሁ በፊት የትኞቹ ፒክሰሎች በእርግጥ እንደተገኙ የሚያሳየውን የእርግጠኝነት ምስል ጠይቁ።