ምጽዋና የዳህላክ ደሴቶች፦ ከተማዋ፣ ባሕሩና የውሃው ሥር

በአማርኛ ስለ ምጽዋ ብዙ ተጽፏል። የተጻፈው ግን ባብዛኛው ወይ የወደብ ጉዳይ ነው ወይ የጦርነት ትዝታ። ለመዋኘት፣ ኮራል ለማየትና ዓሣ ለመብላት የሚሄድ ሰው የሚያነበው የለም ማለት ይቻላል። ይህ ዳሰሳ የተዘጋጀው ለዚያ ሰው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምጽዋ የኤርትራ ዋና ወደብ ናት። ከአሥመራ በመኪና 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። አሥመራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች መንገዱ በነፋሲት፣ በጊንዳዕና በዶጋሊ አድርጎ ቁልቁል ይጠማዘዛል። አሥመራ ላይ ጃኬት ለብሶ የተነሳ ሰው ጊንዳዕ ላይ ያወልቀዋል። ምጽዋ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። የኤርትራ ቱሪዝም «በሁለት ሰዓት ሦስት ወቅት» እያለ የሚያስተዋውቀው ይህንኑ ነው። ለማስታወቂያ ቢባልም እውነት ነው።

ከተማዋ ሦስት ቦታ ተከፍላለች። አሮጌው ከተማና ወደቡ ያሉት ምጽዋ በምትባለው ደሴት ላይ ነው። ቀጥላ የታውሉድ ደሴት አለች። ሆቴሎቹና ቤተ መንግሥቱ እዚያ ናቸው። ሦስተኛው ክፍል የብሱ ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ የሚኖረውም እዚያ ነው። ሁለቱ ደሴቶች እርስ በርስና ከየብሱ ጋር የተገናኙት ባሕሩ ተደልድሎ በተሠራ መንገድ ነው። ይህን ሥራ ያስጀመረው በ1870ዎቹ ለግብፆች ያገለግል የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር ነው።

ሙቀቱ ቀልድ አይደለም። የዓመቱ አማካይ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም 40 ያልፋል፤ ከባሕሩ የሚነሳው ወበቅ ደግሞ አየሩን ያከብደዋል። የሚሄድ ሰው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይሂድ። ያቺ ጥቂት ዝናብም የምትጥለው በእነዚያ ወራት ነው፤ ደጋው ደረቅ ሲሆን ምጽዋ ትረጥባለች።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ የጥንቱ በአጭሩ ይበቃል። የአክሱም ዘመን ወደብ አዱሊስ ከምጽዋ በስተደቡብ፣ ዙላ አጠገብ ነበር። ነቢዩ መሐመድ ወደ ሐበሻ የላኳቸው ሰሐባዎች መጀመሪያ የረገጡት ምጽዋን ነው የሚል ትውፊት አለ፤ ቦታው ነው በሚባለው ራስ ምድር ላይም የሰሐባ መስጊድ ይገኛል። ሌሎች መውረጃው ሌላ ቦታ ነው ይላሉ። በመካከለኛው ዘመን ከምጽዋ ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ የተበተኑት የዳህላክ ደሴቶች የራሳቸው ሱልጣኖች ነበሯቸው። ከደሴቶቹ ትልቋ በሆነችው በዳህላክ ከቢር በኩፊ (በጥንታዊ የዓረብኛ አጻጻፍ) የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮችና ከዓለት የተፈለፈሉ የውሃ ጉድጓዶች ዛሬም አሉ። ሰዉ ጉድጓዶቹን 365 ናቸው ይላል፤ ለዓመቱ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መሆኑ ነው።

በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ ላይ ወርደው ወደ አፄ ልብነ ድንግል ግቢ ዘለቁ። በ1541 የክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ነፍጠኞች በዚያው በር ገቡ። ያን ጊዜ የባሕሩ በር ሹም ባሕረ ነጋሽ ይባል ነበር፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። በ1557 ቱርኮች ያዟት። ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት ያህል በስም የቱርክ፣ በተግባር ናኢብ የሚባሉት የአካባቢው ሹማምንት ሆና ኖረች። በ1865 ለግብፅ ተላለፈች፣ በ1885 ጣልያን ገባ። የራስ አሉላ ጦር በ1887 ጣልያንን የደመሰሰበት ዶጋሊ ከከተማዋ ብዙም አይርቅም። በ1911 ባቡሩ አሥመራ ደረሰ። በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፈራረሳት፣ ጣልያንም መልሶ ሠራት። በ1937 ከምጽዋ አሥመራ ዕቃ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚጓዝበት ቴሌፌሪካ ተዘረጋ። በዘመኑ በዓለም ረጅሙ ነበር። እንግሊዞች በኋላ ነቃቅለውታል።

ለጠላቂ የሚጠቅመው ታሪክ የሚጀምረው በ1941 ነው። ሚያዝያ ላይ የእንግሊዝ ጦር ሲቃረብ ጣልያኖች መርከቦቻቸውን በገዛ እጃቸው አሰጠሙ። ወደቡን ለመዝጋት ሲሉ አፉ ላይ በተርታ እያሰለፉ ነበር ያሰጠሟቸው። በዓመቱ ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለ አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መኮንን ጥቂት ጠላቂዎችና የእጅ መሣሪያ ይዞ መጣ። አይነሳም የተባለውን ትልቁን ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ አየር እየሞላ ከባሕሩ ሥር አወጣው። በዚያ ሙቀት የብረት ቆብና የጎማ ልብስ ለብሶ መሥራት ምን እንደሚመስል ያየ ብቻ ያውቀዋል። ኤልስበርግ ያልነካቸው መርከቦችም አሉ። ዳህላክ ከቢር አጠገብ ባለው የባሕር ሰላጤ የሰጠሙት ናዛሪዮ ሳውሮና ኡራኒያ እስካሁን እዚያው ናቸው፤ ለመጥለቅ ልምድ ላለው ሰው ከአካባቢው ትልቁ መስህብ እነሱ ናቸው።

በ1952 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቀላቀለች፣ በ1955 ደግሞ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተቋቋመ። ዋና መደቡ ምጽዋ ነበር። ብዙ የአማርኛ አንባቢ ምጽዋን የሚያውቃት በዚህ ዘመን በኩል ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም ቢባል አይከፋም። ባሕር ኃይሉ ትንሽ ነበር፣ ግን ሥርዓት ያለው ነበር። በማቋቋሙና በማሠልጠኑ እንግሊዞችና ኖርዌያውያን መኮንኖች ተሳትፈዋል። የመኮንኖች ኮሌጁ አሥመራ፣ የባሕረተኞች ማሠልጠኛው ምጽዋ ነበር። በኋላ መሪው የሆኑት የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሬር አድሚራል እስክንድር ደስታ ናቸው፤ በኅዳር 1974 ደርግ ከረሸናቸው ስልሳ ያህል ሰዎች አንዱ ነበሩ።

የመርከቦቹ አውራ «ኢትዮጵያ» ነበረች። አሜሪካ ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን «ኦርካ» ተብላ የተሠራች፣ የባሕር አውሮፕላኖችን የምትረዳ መርከብ ነበረች። በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠች። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ነው። ዕጩ መኮንኖች ትምህርታቸውን በተግባር የሚያዩት በእሷ ላይ ነበር። ነጭ በነጭ ለብሰው መርከቧ ጠርዝ ላይ የተሰለፉት ልጆች ፎቶግራፍ ዛሬም በብዙ ሰው ሳሎን ተሰቅሎ ይገኛል።

በየዓመቱ በቀዝቃዛው ወራት የባሕር ኃይል ቀን ይከበር ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ እየመጡ ታውሉድ ያለው ቤተ መንግሥታቸው ያርፋሉ። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት መርከቦች በአንድ ወደብ ጎን ለጎን ይቆማሉ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ይህን ማየት የሚቻልበት ሌላ ወደብ ብዙ አልነበረም። ከተማዋም ያን ጊዜ የመዝናኛ ከተማ ሆነች። ከአዲስ አበባ ሙሽሮች ለጫጉላ ሽርሽር ይወርዳሉ። አሥመራ በነበረው ቃኘው በሚባለው የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ጣቢያ የሚሠሩ አሜሪካውያን ለዕረፍት ቀናቸው ወደ ጉርጉሱም ባሕር ዳርቻ ይመጣሉ። አሁን «ምጽዋ» ሲባል ዓይናቸው የሚበራ አዛውንቶች የሚያስታውሱት ይህን ነው።

በደርግ ዘመን ሶቪየቶች በዳህላክ፣ ኖኩራ በምትባለው ደሴት የመርከብ መጠገኛ ነበራቸው። ኖኩራ ከዚያ በፊት የጣልያን እስር ቤት ነበረች። በየካቲት 1990 ሻዕቢያ በፈንቅል ዘመቻ ምጽዋን ያዘ። ውጊያው በየቤቱ ነበር። ቤተ መንግሥቱንና አሮጌውን ከተማ ማን ምን ያህል አፈረሰው በሚለው ላይ ሁለቱም ወገን የየራሱን ይናገራል። ከተማዋ ከተያዘች በኋላ የመንግሥት አውሮፕላኖች ደጋግመው መደብደባቸው፣ ብዙ ሲቪልም ማለቁ ግን አከራካሪ አይደለም። በ1991 መርከቦቹ ወደ የመን፣ ሳዑዲና ጅቡቲ ወጡ። «ኢትዮጵያ» የመን ላይ ቆማ ቆይታ በ1993 ለቁራጭ ብረት ተሸጠች። ባሕር ኃይሉ በ1996 ፈረሰ። እንደገና መቋቋሙ ሌላ ርዕስ ነው።

በ1993 ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በከፊል ታድሳለች። በታውሉድ የዳህላክ ሆቴልና ቀይ ባሕር ሆቴል፣ ከከተማ ወጣ ብሎ በስተሰሜን ደግሞ የጉርጉሱም ባሕር ዳርቻ አሉ። አሮጌው ከተማ ግን አሁንም ቁስሉ ይታያል። ቁስሉ ራሱ አንድ ነገር ያሳያል፤ ልስኑ የረገፈ ግድግዳ ላይ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የኮራሉን ቀዳዳ፣ ቅርንጫፍና የአበባ ቅርጽ ያገኛል። የምጽዋ ቤቶች የተሠሩት ከባሕር በተቆረጠ የኮራል ድንጋይ ነው። ሙቀት ስለማያስገባ ለአገሩ ተስማሚ ነው። በላዩ የእንጨት ፍርግርግ ሰገነት ይወጣለታል።

አሁን ወደ ውሃው። ለጀማሪ ቀላሉ ቦታ ሼኽ ሰዒድ ነው፤ ብዙ ሰው አረንጓዴ ደሴት ይላታል። ከከተማ በጀልባ ጥቂት ደቂቃ ነው። በአንድ ወገን ማንግሮቭ፣ በሌላው አሸዋ፣ አሸዋው ጫፍ ላይ ኮራል አለ። መዋኛ መነጽርና ስኖርክል (የመተንፈሻ ቱቦ) ይበቃል፤ የመጥለቅ ሥልጠና አያስፈልግም። ፊትን ውሃ ውስጥ ሲነክሩ መጀመሪያ የሚመጣው ድምፅ ነው፤ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው አጠገብ የተቀመጠ ይመስላል። ፓሮት ፊሽ የሚባለው ዓሣ ኮራሉን በጥርሱ ሲግጥ ነው። የጋጠውን ፈጭቶ በነጭ አሸዋ መልክ ያወጣዋል። የምንተኛበት የባሕር ዳር አሸዋ አንዱ ክፍል ከዚያ የመጣ ነው። ድንጋዩ መሃል የተቀበረው ትልቅ ባለ ሁለት ክፍል ዛጎል ደግሞ ከንፈሩ ሰማያዊና አረንጓዴ ነው፤ ጥላ ሲያርፍበት ፈጥኖ ይዘጋል።

ራቅ ብለው ዲሴይና ማዶቴ አሉ። ማዶቴ በእግር ቶሎ ተዞራ የምታልቅ የአሸዋ ደሴት ናት። የዳህላክ ደሴቶች ከመቶ ይበልጣሉ፣ ሰው በቋሚነት የሚኖርባቸው ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሳይንሱ ቀደም ብሎ ያውቃቸዋል፤ በ1952 እና 53 በብሩኖ ቫይላቲ የተመራ የጣልያን የውሃ ውስጥ ቡድን፣ በ1960ዎቹ ደግሞ የእስራኤል ተመራማሪዎች በእንተደቢር ደሴት ሰፍረው አጥንተዋቸዋል። ማንታ ሬይ፣ የባሕር ኤሊ፣ ዶልፊን፣ ሻርክ አለ። ዱጎንግ የሚባለው ሣር የሚግጥ የባሕር እንስሳም አለ፣ ግን ማየት ዕድል ነው። የዳህላክ ከቢር ሚዳቋዎች ከየብሱ ዘመዶቻቸው ያነሱ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ ውሃው እንደ ግብፅ በኩል የጠራ አይደለም። የቀይ ባሕር ደቡብ ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ጥቃቅን ሕይወቱ የበዛ ስለሆነ እይታው ይቀንሳል። ኮራሉም ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሜትር ላይ ያበቃና አሸዋ ይሆናል። በምትኩ ዓሣው በብዛትም በመጠንም ያስደንቃል፤ ሌላ ጠላቂም አይጋፋም። የዚህ ኮራል ሌላው ጉዳይ ሙቀት መቻሉ ነው። በሞቃቱ ወራት ውሃው 32 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ይህ ሌላ ቦታ ያለ ኮራልን የሚያነጣ ሙቀት ነው። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን በኋላ ኮራል ወደ ቀይ ባሕር የተመለሰው በባሕሩ ደቡባዊ በር በባብ ኤል መንደብ በኩል፣ ይህንን ሞቃት ደቡብ አቋርጦ ነው። ያልቻለው ቀረ፣ የቻለው ወደ ሰሜን አለፈ። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በአቃባ ሰላጤ ያለው ኮራል ሙቀት የሚቋቋመው ለዚህ ነው የሚለው መላ ምት ጥሩ ድጋፍ አለው።

ጥንቃቄው ብዙ አይደለም። ኮራል አይነካም፤ ለእሱም ለቆዳም አይበጅም። ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዛማ ዓሣ ስላለ ያለ ጫማ አይረገጥም። ስኖርክል ሲያደርጉ ጀርባ ስለሚላጥ ቲሸርት ለብሶ መዋኘት ያዋጣል።

የውጭ ዜጋ ከአሥመራ ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለዳህላክ ደግሞ ለብቻው ፈቃድና ክፍያ አለ። ጀልባው በቡድን ካልተካፈሉት ኪስ ይጎዳል። ካርድ አይሠራም፣ ጥሬ ገንዘብ ይያዝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሃያ ዓመት በኋላ በጁላይ 2018 አሥመራ በረራ ጀምሮ ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር «መቀሌ» የምትባለው የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ምጽዋ ቆማ ጭነት ወስዳለች። በረራው በሴፕቴምበር 2024 መጀመሪያ ተቋርጧል።

ለጠላቂ አንድ ነገር ይቀራል፤ ምጽዋ ላይ ከሌላ ቦታ ይልቅ ያሳስባል። የአየር ታንክ ይዞ የጠለቀ ሰው ደሙ ውስጥ የተጠራቀመ ናይትሮጅን አለ። ቶሎ ከፍታ ላይ ከወጣ ናይትሮጅኑ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያውን፣ ሲብስም ነርቩን ይጎዳል። ለዚህ ነው ከመጥለቅ በኋላ እስከ 24 ሰዓት አውሮፕላን አይሳፈሩ የሚባለው። ከምጽዋ አሥመራ ግን አውሮፕላንም አያስፈልግም፤ አውቶቡሱ ራሱ በሁለት ሰዓት ተኩል 2,300 ሜትር ላይ ያወጣል። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ለአሮጌው ከተማና ለዓሣ ይተዋል። ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ በየመን ዓይነት የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ይጠበሳል። ከትኩስ ቂጣ ጋር በእጅ ይበላል።