የግል ክላውድ ማለት ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ አለ ማለት ነው?

ሰርቨሩን (ለሌሎች ኮምፒውተሮች ፋይልና ፕሮግራም የሚያቀርበውን ኮምፒውተር) በራሱ ቢሮ ያስቀመጠ ድርጅት ሁሉ የግል ክላውድ አለው የሚለው አስተያየት በቡድናችን ስለተደጋገመ፣ ልዩነቱን ባጭሩ ላስረዳ። ማሽኑ የት ተቀመጠ የሚለውና እንዴት ይሠራል የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

እዚህ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የሂሳብ ቢሮን እንውሰድ። በጓዳው፣ ከዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ኃይል ከሚሰጠው ባትሪ) አጠገብ አንድ ሰርቨር አለው፤ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ባለሙያ ተጠርቶ ያስተካክላል፣ ቦታ ሲሞላም ዲስክ ይገዛል። ይህ የራስ ሰርቨር እንጂ ክላውድ አይደለም። ክላውድ የሚባለው የብዙ ማሽኖች አቅም በሶፍትዌር እንደ አንድ ቋት ተዋሕዶ፣ ተጠቃሚው ማንንም ደጅ ሳይጠና የሚፈልገውን ያህል ወዲያው የሚወስድበት፣ ሲጨርስ የሚመልስበትና ፍጆታውም የሚለካበት አሠራር ሲኖር ነው። ቋቱ ለአንድ ድርጅት ብቻ ከተመደበ የግል ክላውድ ይሆናል፤ የአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትርጓሜ መሠረት ማሽኖቹ ከድርጅቱ ግቢ ውጭም ሊቀመጡ ይችላሉ።

የሕዝብ ክላውድ፣ ለምሳሌ የአማዞን ወይም የማይክሮሶፍት፣ እንደ ሰፈር ወፍጮ ቤት ነው፦ ወፍጮው የጋራ ነው፣ በተፈጨው ልክ ይከፈላል፣ የአንዱ ጤፍ ግን ከሌላው ጋር አይቀላቀልም። ስሙ «የሕዝብ» ቢሆንም ፋይሉ ለሁሉም ክፍት አይደለም።

የትኛው ይረክሳል የሚለው እንደ ሥራው ስፋት ይለያያል። አምስት ሠራተኞች ላሉት ቢሮ የግል ክላውድ ማቋቋም በእኔ ግምት ከልክ ያለፈ ወጪ ነው፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን፣ ከሕዝብ ክላውዱ በተለየ፣ የጓዳው ሰርቨር በቢሮው የውስጥ መስመር መሥራቱን ይቀጥላል።