የዕዳ ቀውስና ዴሞክራሲ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2023 የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንዷን (ለውጭ አበዳሪዎች በዶላር የሸጠችውን የብድር ሰነድ) የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። በጁላይ 2024 ደግሞ የብር ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዕዳ ሽግሽግ፣ ስለ አይኤምኤፍና ስለ ድጎማ መነሳት የማያወራ ሰው ማግኘት ይከብዳል። በወሬው መሐል አንድ ክርክር ደጋግሞ ይነሳል፦ «እንዲህ ያለውን መራራ እርምጃ ዴሞክራሲ አይችለውም። በምርጫ የመጣ መንግሥት የመረጠውን ሕዝብ ደመወዝ ቀንሶ፣ ጡረታ ቆርጦ፣ ግብር ጨምሮ እንዴት ይዘልቃል?»

ይህ በግምት ብቻ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ከ2008 የዓለም የፋይናንስ ቀውስ በኋላ ግሪክ፣ አየርላንድ፣ ፖርቱጋልና ላትቪያ ይህንኑ ፈተና ተፈትነዋል። እነዚህ አገሮች ከእኛ በብዙ ነገር ይለያሉ። ግን «ዴሞክራሲ ይችላል ወይስ አይችልም» ለሚለው ጥያቄ ከእነሱ የተሻለ ማስረጃ የለንም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«በምርጫ የመጣ መንግሥት መራራ የቁጠባ እርምጃ ማስፈጸም አይችልም»

ግሪክ አስፈጽማለች፤ ያውም በሰላም ዘመን ብዙም ባልታየ መጠን።

በኦክቶበር 2009 በጆርጅ ፓፓንድሬው የሚመራው ፓሶክ የተባለው ፓርቲ ወደ 44 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። ሥልጣን በያዘ በሳምንታት ውስጥ የበጀት ጉድለቱ ከተነገረው እጅግ እንደሚበልጥ ይፋ አደረገ። ቁጥሩ ደጋግሞ ሲታረም ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት ከ15 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። አበዳሪዎች ሸሹ። በሜይ 2010 የአውሮፓ ኅብረትና አይኤምኤፍ የ110 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ሰጡ፤ በምላሹም ረጅም የግዴታ ዝርዝር መጣ።

በዚያው ዓመት ቫት ከ19 ወደ 23 በመቶ ወጣ። የመንግሥት ሠራተኞች ለገና፣ ለፋሲካና ለበጋ ዕረፍት ይከፈላቸው የነበረው ተጨማሪ ደመወዝ መጀመሪያ ተቆረጠ፣ በኋላም ቀረ። በ2011 አዲስ የቤት ግብር መጥቶ ሰው እንዳያመልጥ ከመብራት ክፍያ ጋር ተያያዘ። በ2012 ዝቅተኛው ደመወዝ በ22 በመቶ፣ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች ለሆኑት ደግሞ በ32 በመቶ ተቀነሰ። ጡረታ በተለያዩ ሕጎች ከአሥር ጊዜ በላይ ተሸራርፏል። የአገሪቱ ምርት ሩብ ያህሉን አጣ፤ ሥራ አጥነት በ2013 ከ27 በመቶ አለፈ።

ከእነዚህ እርምጃዎች ዋና ዋናዎቹ በፓርላማ ድምፅ ነው ያለፉት። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2012 ሌሊት ሁለተኛው የብድር ስምምነት በ199 ድጋፍና በ74 ተቃውሞ ሲጸድቅ ከፓርላማው ደጅ አቴንስ ትቃጠል ነበር። ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች እምቢ ያሉ ከ40 በላይ የራሳቸውን እንደራሴዎች በዚያው ሌሊት አባረሩ። ከ2010 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት አገሪቱ አራት ጠቅላላ ምርጫና አንድ ሕዝበ ውሳኔ አካሂዳለች። ወታደር ከካምፑ አልወጣም፤ ምርጫም አልተሰረዘም።

እንግዲህ ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? ከሕዝቡ ቀጥሎ ፓርቲዎቹ ናቸው። ፓሶክ ከ44 በመቶ በሜይ 2012 ወደ 13፣ በጃንዋሪ 2015 ደግሞ ከ5 በመቶ በታች ወረደ። አየርላንድም ውስጥ ለአሥርታት ገናና የነበረው ፊያና ፎል በፌብሩዋሪ 2011 ምርጫ 20 መቀመጫ ብቻ ቀረው። ግን እሱን የተካው ጥምር መንግሥት በመሠረቱ ያንኑ የቁጠባ መርሐ ግብር ይዞ ቀጥሎ በዲሴምበር 2013 አጠናቀቀው። የተለወጠው አስፈጻሚው ነው፤ ቅነሳው አልቆመም። እንደ እኔ እምነት የዴሞክራሲ ጉልበትም ሕመምም ያለው እዚህ ላይ ነው። ቁጣው ሥርዓቱን ሳያፈርስ የሚወጣበት በር አለ፤ በበሩ የሚወጣ ቁጣ ግን ሁልጊዜ ፖሊሲውን አያስቀይርም።

«ግሪኮች ሰነፎች ስለሆኑ ነው»

በዓመት የሚሠሩት ሰዓት ሲቆጠር ግሪኮች በአውሮፓ ረጅም ሰዓት ከሚሠሩት ውስጥ ናቸው፤ ጀርመኖችን በብዙ መቶ ሰዓታት ይበልጧቸዋል። ችግሩ ግብር የማይሰበስብ መንግሥት፣ የተደበቀ ጉድለትና በርካሽ የተገኘ ብድር ነበር። ደመወዙ የተቆረጠባት ነርስ ከሦስቱ አንዱንም አልወሰነችም።

«ሕዝቡ በድምፁ እምቢ ካለ ነገሩ ያበቃል»

ይህን የሚያምን ሰው የ2015ን በጋ ማስታወስ አለበት። በጃንዋሪ ወር ሲሪዛ የተባለው ግራ ዘመም ፓርቲ «የቁጠባ ዘመን አበቃ» በሚል ተስፋ አሸነፈ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አሌክሲስ ሲፕራስ ከአበዳሪዎች ጋር አምስት ወር ተከራክረው ሳይስማሙ ሲቀሩ ነገሩን ወደ ሕዝብ መለሱት። ባንኮች ተዘጉ፤ ከማሽን በቀን ከ60 ዩሮ በላይ ማውጣት ተከለከለ። ጁላይ 5 ቀን ሕዝቡ ወጥቶ 61 በመቶው «አይሆንም» አለ።

ከስምንት ቀን በኋላ ሲፕራስ ብራስልስ ላይ አዲስ ስምምነት ተቀበሉ፤ እስከ 86 ቢሊዮን ዩሮ የሚደርስ ሦስተኛ ብድር ከእነ ግዴታው። ፓርላማው በ229 ድምፅ አሳለፈው፤ ከራሳቸው ፓርቲ 32 እንደራሴዎች ተቃወሟቸው። በሴፕቴምበር ደግሞ እንደገና ምርጫ ጠርተው አሸነፉ!

ብዙዎች ይህን ክህደት ይሉታል። ቁጣው ይገባኛል፤ ግን ነገሩን አይጨርሰውም። አብዛኛው ግሪካዊ ቅነሳውን ይጠላ ነበር፤ አብዛኛው ግሪካዊ ከዩሮ መውጣትንም አይፈልግም ነበር። የአቴንስ መንግሥት ዩሮ ማተም አይችልም። ሕዝበ ውሳኔው የጠየቀው አንዱን ጥያቄ ብቻ ሲሆን የሁለተኛው መልስ ያለው በሌሎች እጅ ነበር። ድምፅ ኃይል የሚኖረው «አይሆንም» ካሉ በኋላ የሚኬድበት ሌላ መንገድ ሲኖር ነው።

አይስላንድ ለዚህ ማስረጃ ናት። አይስሴቭ በተባለው የኢንተርኔት ባንክ ገንዘብ ላስቀመጡ የብሪታንያና የሆላንድ ደንበኞች የተከፈለውን ካሳ መንግሥት ይተካ ሲባል፣ ሕዝቡ በ2010 እና በ2011 ሁለት ጊዜ እምቢ አለ፤ እምቢታውም ጸና። አገሪቱ የራሷ ገንዘብ ነበራት፤ ክርክሩም በሕግ የሚታይ ነበር። በጃንዋሪ 2013 የኤፍታ (የአውሮፓ ነፃ ንግድ ማኅበር) ፍርድ ቤት ለአይስላንድ ፈረደ።

«ወጪ የቀነሰ መሪ በምርጫ መውደቁ አይቀርም»

የላትቪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቫልዲስ ዶምብሮቭስኪስ አልወደቁም። የላትቪያ ምርት በ2009 አንድ ዓመት ብቻ 14 በመቶ ያህል ወርዷል። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ሪጋ ከተማ በተቃውሞ ተናውጣ መንግሥት ተለወጠ፤ ዶምብሮቭስኪስም በማርች ሥልጣን ያዙ። የመንግሥት ሠራተኛን ደመወዝ በከባዱ ቀነሱ፤ ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ሥራ አጥነት 20 በመቶ ደረሰ። በኦክቶበር 2010 ምርጫ ግን የእሳቸው ጥምረት አንደኛ ወጣ። እስከ 2013 መጨረሻ ገዙ፤ የለቀቁትም በሪጋ የአንድ ሱፐርማርኬት ጣሪያ ተደርምሶ 54 ሰዎች በመሞታቸው ነበር።

ቅነሳው በምርጫ ያልጣላቸው ለምንድን ነው? አንደኛ፣ ቀውሱ ላይ ደረሱበት እንጂ አላመጡትም፤ መራጭም ይህን ይለያል። ሁለተኛ፣ ዩሮ ውስጥ መግባት ለብዙ ላትቪያውያን ከሩሲያ ጥላ የመራቅ ጉዳይ ስለነበር መሥዋዕትነቱ ከዓላማ ጋር ተያይዞ ታየ። ሦስተኛውን ብዙ ጊዜ የላትቪያ አድናቂዎች ያልፉታል፦ የተቸገረው ሰው አውሮፕላን ተሳፈረ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ወደ ብሪታንያ፣ ወደ አየርላንድና ወደ ጀርመን ሄዱ። የሄደ ሰው ሰልፍ አይወጣም፤ አብዛኛውም በአገሩ ምርጫ ድምፅ አይሰጥም። ላትቪያን «የተሳካ ቁጠባ» ብሎ የሚያስተምር ሁሉ እነዚህን የሄዱትን ልጆች አብሮ መቁጠር አለበት።

«ወጪ ከተቀነሰ ዕዳው ይቀንሳል»

እዚህ ላይ ሒሳቡን ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የግሪክ ዕዳ በ2009 ወደ 300 ቢሊዮን ዩሮ ነበር፤ ከምርቷ 127 በመቶ ያህል። በ2012 የግል አበዳሪዎች ከያዙት ቦንድ ዋጋ ከግማሽ በላይ ተሰረዘ። ሆኖም በ2014 ዕዳው ከምርቷ 180 በመቶ አካባቢ ነበር።

ምክንያቱ ዕዳው በዩሮ ብዙ ስለ ጨመረ አይደለም፤ ከ320 ቢሊዮን ብዙም አልራቀም። የወደቀው ምርቱ ነው፤ ከ240 ቢሊዮን አካባቢ ወደ 180 ቢሊዮን ዩሮ አካባቢ። ደመወዝ ሲቆረጥ ባለ ሱቁ ይከስራል፣ ባለ ሱቁ ሲከስር ግብሩ ይቀንሳል፣ ግብሩ ሲቀንስ አዲስ ቅነሳ ይታዘዛል። አይኤምኤፍ ራሱ በ2013 ባወጣው ግምገማ ይህን አምኗል። መርሐ ግብሩ ሲቀረጽ ምርት በ2012 ከ2009ኙ 5.5 በመቶ ገደማ እንደሚወርድ ታስቦ ነበር፤ የወረደው 17 በመቶ ነው። ሥራ አጥነት 15 በመቶ ይሆናል ተብሎ 25 በመቶ ሆነ።

ስለዚህ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ «ይህ አይሠራም» ሲል ስለ ኢኮኖሚክስ የማያውቅ ሕዝብ ጩኸት አልነበረም። ከባለሙያዎቹ ትንበያ ይልቅ የባለ ሱቁ ስሌት ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። ይህ በጥናት ወረቀት ውስጥ ተቀብሮ መቅረት የሌለበት ነገር ነው።

«እንዲህ ላለው ጊዜ ቆራጥ አምባገነን ይሻላል»

ከሁሉም አደገኛው አመለካከት ይህ ነው። ሙከራውም ተደርጓል፤ የሩማንያው ኒኮላይ ቻውሼስኩ በ1980ዎቹ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረውን የውጭ ዕዳ ሙሉ በሙሉ ልክፈል ብለው ተነሡ። ስጋው፣ ቅቤው፣ ፍራፍሬው ወደ ውጭ ተላከ። ዳቦ፣ ዘይትና ስኳር በራሽን ሆነ። አገሩ በረዶ የሚወርድበት ሆኖ ሳለ የቤት ማሞቂያ ይጠፋ ነበር፤ ቴሌቪዥን በአዘቦት ቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ይተላለፋል። በኖቬምበር 1987 የብራሾቭ ሠራተኞች ቢያምፁ ታፈሱ።

ዕዳው በ1989 ጸደይ ተከፍሎ አለቀ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 25 ቻውሼስኩና ባለቤታቸው ተረሸኑ።

የቁርጠኝነት ደጋፊዎች «ግን ከፍለዋል» ሊሉ ይችላሉ። በዚያው ሰዓት ቡካሬስት መሐል በዓለም ካሉት ግዙፍ ሕንፃዎች አንዱ የሆነው ቤተ መንግሥት ይገነባ ነበር። ልጁ በብርድ የሚንቀጠቀጥበት አባት «ለዚህ እብነ በረድ ገንዘብ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። ዕዳውን ማሸጋሸግ ይሻል እንደሆነም በይፋ ያከራከረ ፓርላማ ወይም ጋዜጣ አልነበረም። አምባገነን ፍጥነት አለው፤ የተሳሳተ መንገድ ላይ ሲሆን የሚያስቆመው ግን የለም።

«ፍርድ ቤቱና ሰልፉ የማዳኛውን መርሐ ግብር ያደናቅፋሉ»

የላትቪያ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2009 የጡረታ ቅነሳውን ሽሮ የተቆረጠው እንዲመለስ አዘዘ፤ አገሪቱ አልፈረሰችም፤ በ2014 መጀመሪያም ዩሮ ገባች። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የፖርቱጋል ነው። በ2011 78 ቢሊዮን ዩሮ ተበድራ በቅነሳ ላይ ሳለች፣ የመንግሥት ሠራተኞችና ጡረተኞች በዓመት ይከፈላቸው የነበረው ተጨማሪ ደመወዝ ታገደ። ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቷ በጁላይ 2012 «ሸክሙ በእነዚህ ሰዎች ላይ ብቻ መጫኑ እኩልነትን ይጥሳል» አለ። የዓመቱ በጀት እንዳይናጋ ለዚያ ዓመት ዝም ብሎ፣ ለሚቀጥለው ከለከለ።

በሴፕቴምበር መንግሥት ሌላ ሐሳብ አመጣ፦ ሠራተኛው ለማኅበራዊ ዋስትና የሚከፍለው ከ11 ወደ 18 በመቶ ይውጣ፣ አሠሪው የሚከፍለው ከ23.75 ወደ 18 ይውረድ። ይህ ከሠራተኛው ኪስ ወስዶ ለአሠሪው መስጠት ነው፤ ሰውም እንደዚያው ተረዳው። ሴፕቴምበር 15 ቀን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሊዝበን፣ በፖርቶና በሌሎች ከተሞች ወጡ። ከመካከላቸው ከዚያ በፊት ሰልፍ ወጥተው የማያውቁ ጡረተኞችና የመንግሥት ደጋፊዎች ነበሩበት። በአሥር ቀን ውስጥ ሐሳቡ ተሰረዘ።

ጉድለቱ ግን ቦታው ላይ ነበር፤ ገንዘቡ ከሌላ መምጣት ነበረበት። በኦክቶበር የገቢ ግብር በከፍተኛ መጠን እንደሚጨምር ተነገረ። ይህም መራራ ነበር፤ ግን ገቢው ከፍ ያለውን ሰው ጨምሮ ሁሉንም የሚነካ ሆነ። ፖርቱጋል ፍርድ ቤቷም ሰልፏም እያለ በሜይ 2014 በተያዘላት ጊዜ ከመርሐ ግብሩ ወጣች።