አይሊን ጉ እንዴት እዚህ ደረሰች? ስለ ፍሪስታይል ስኪ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ቤጂንግ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ለቻይና ተሰልፋ ሁለት ወርቅና አንድ ብር ወሰደች። አይሊን ጉ ትባላለች። ከዚያ ወዲህ ስሟ በተነሳ ቁጥር የሚባለው ያው ነው። “ተሰጥኦ ነው፣” “ቻይና ናት ያሰለጠነቻት፣” “እብደት እንጂ ስፖርት አይደለም።” ልጅቷን ስለማደንቃት ይህን ስሰማ ቅር ይለኛል። የስንት ዓመት ልፋት በአንድ ቃል ይቀበራል።

ለማያውቀው በአጭሩ፦ ፍሪስታይል ስኪ፣ ስኪ የሚባሉትን ረጃጅም ጠፍጣፋ መንሸራተቻዎች እግር ላይ አስሮ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ መዝለል፣ አየር ላይ መገልበጥና መሽከርከር ያለበት ውድድር ነው። እሷ በሦስት ዓይነት ትወዳደራለች። ሃፍፓይፕ ግድግዳው ወደ 7 ሜትር የሚጠጋ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ቱቦ የሚመስል የበረዶ ቦይ ነው። ስሎፕስታይል የሚንሸራተቱበት የብረት ሀዲድና መዝለያ የተደረደረበት ቁልቁለት ነው። ቢግ ኤር ደግሞ አንድ ትልቅ መዝለያ ብቻ።

“በረዶ ላይ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት”

አይደለችም። ተወልዳ ያደገችው ሳን ፍራንሲስኮ ነው። ስኪ የጀመረችው በ3 ዓመቷ ታሆ ሐይቅ አካባቢ ሲሆን፣ ከቤቷ እዚያ ለመድረስ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እናቷ ያን ጉ ከቻይና ለትምህርት አሜሪካ የመጣች፣ ስኪ የምትወድ ሴት ናት። ቅዳሜና እሁድ እየነዳች ትወስዳታለች። ልጅቷም የቤት ሥራዋን መኪና ውስጥ ትሠራለች። በ8 ዓመቷ ኖርዝስታር በሚባለው ቦታ የፍሪስታይል ቡድን ገባች። እናቷ ይህን የመረጠችላት ቁልቁለት ላይ በፍጥነት መሽቀዳደሙ አደገኛ ሆኖ ስለታያት ነው። ቡድኑ ውስጥ ለዓመታት ከወንዶች መሃል ብቻዋን ነበረች።

“በሕፃንነት ያልጀመረ አይሆንለትም” የሚሉም አሉ። የአውስትራሊያዋ አሊሳ ካምፕሊን ለዚህ መልስ ናት። ጂምናስቲክ ስትሠራ ያደገች ናት። ኤሪያልስ የሚባለውን የግልበጣ ውድድር የጀመረችው በ19 ዓመቷ ነው። በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች።

“ዝም ብለው ራሳቸውን አየር ላይ የሚወረውሩ ደፋሮች ናቸው”

በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው። አንድ አዲስ ዝላይ በረዶ ላይ ከመታየቱ በፊት መጀመሪያ ትራምፖሊን ላይ ይሠራል። ሰውነት የት እንዳለ አየር ላይ ማወቅ የሚለመደው እዚያ ነው። ከዚያ በአየር የተሞላ ግዙፍ ትራስ ላይ፣ ወይም በበጋ ውሃ ውስጥ በሚያሳርፍ መዝለያ ላይ፣ ስኪ አድርገው ደጋግመው ይወድቃሉ። በረዶው ላይም ሲሞክሩት ከትንሹ መዝለያ ነው የሚጀምሩት። ነፋሱ ይታያል፣ የበረዶው ጥንካሬ ይታያል፣ የመንደርደሪያው ፍጥነት ይለካል። አሰልጣኙ “ዛሬ አይሆንም” ካለ አይሆንም።

ዝላዮቹም ደረጃ አላቸው። አንድ ሙሉ ዙር 360 ይባላል፣ ሁለት ዙር 720፣ ሦስት ዙር 1080። ልጆቹ ይህን መሰላል ግማሽ ዙር በግማሽ ዙር ነው የሚወጡት፤ ያውም በግራም በቀኝም።

“ታዲያ ቤጂንግ ላይ ሞክራው የማታውቀውን አልዘለለችም ወይ?” ይባላል። እውነት ነው። የቢግ ኤር ፍጻሜ ላይ ሁለት ዝላይ ጨርሳ ሦስተኛ ነበረች። ከሦስቱ የሚቆጠረው የተሻሉት ሁለቱ ናቸው። እናቷ በስልክ የምታውቀውን 1440 ደግማ ብሩን እንድትይዝ መከረቻት። እሷ ግን 1620ን መረጠች፤ አራት ዙር ተኩል መሆኑ ነው። በትክክል አረፈች፣ 94.50 አገኘች፣ በድምር 188.25 ለ187.50 ፈረንሳዊቷን ቴስ ለዱን በለጠች። ነገር ግን 1440ውን ከዚያ በፊት በእጇ አስገብታዋለች። የጨመረችው ግማሽ ዙር ነው። ያን ግማሽ ዙር እንድትደፍር ያደረጋት ከታች የነበረው ሁሉ ነው።

ይህን ስል አደጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ካናዳዊቷ ሳራ በርክ የሴቶች ሃፍፓይፕ ኦሊምፒክ ውስጥ እንዲገባ ለዓመታት ታግላለች። በ2011 ተፈቀደ። በጃንዋሪ 2012 ዩታ ውስጥ፣ ፓርክ ሲቲ ላይ፣ በልምምድ ወድቃ በ29 ዓመቷ አረፈች። ውድድሩ በ2014 ሶቺ ላይ ሲጀመር አላየችውም። ዛሬ ሃፍፓይፕ የሚወርዱ ሴቶች ሁሉ የእሷ ዕዳ አለባቸው። ኢስቶኒያዊቷ ኬሊ ሲልዳሩም በ13 ዓመቷ የኤክስ ጌምስ (የእነዚህ ዓይነት ስፖርቶች ታዋቂ ውድድር) ወርቅ ወስዳ፣ በጉልበት ጉዳት የ2018ቱ ኦሊምፒክ አምልጧታል። በ2022 ተመልሳ ነሐስ አገኘች። ልጁን የሚያስመዘግብ ወላጅ ይህንንም ማወቅ አለበት።

“ብዙ የተሽከረከረ ያሸንፋል”

ዳኞች ከፍታን፣ የዝላዩን አስቸጋሪነት፣ አጨራረስን፣ የዝላዮቹን ልዩነት፣ አየር ላይ ስኪን በእጅ አያያዝን ሁሉ ያያሉ። አይሊን ራሷ ቤጂንግ ላይ በስሎፕስታይል ሁለተኛው ሙከራዋ ላይ ወደቀች። በመጨረሻው ተነስታ 86.23 አገኘች። ስዊዘርላንዳዊቷ ማቲልድ ግሬሞ በ86.56 ወርቁን ወሰደች። ልዩነቱን እዩት! ከዚያ በፊት በ2021 የዓለም ሻምፒዮና ላይ ደግሞ አይሊን እጇ ተጎድቶ በእጅ የሚያዙትን የስኪ ዱላዎች ሳትይዝ ተወዳድራ ሁለት ወርቅ ወስዳለች። ሚዛኑ እግርና ወገብ ላይ መሆኑ ላየ ሰው አይጠፋውም።

“ትምህርቷን ትታ ነው”

ሁለተኛ ደረጃን አንድ ዓመት ቀድማ ጨርሳ ስታንፎርድ ገባች። ትምህርት ቤት እያለች አገር አቋራጭ ሩጫም ትሮጥ ነበር፤ እኛ ቤት ይህ ሳይወደድ አይቀርም።

“ቻይና ናት ያፈራቻት”

በኢጣሊያ ሳይዘር አልም የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ድሏን ያገኘችው በጃንዋሪ 2019 ነው፤ ያኔ ለአሜሪካ ነበር የምትወዳደረው። ለቻይና እንደምትሰለፍ ያሳወቀችው በዚያው ዓመት ጁን ላይ ነው። በውሳኔዋ መስማማትም መቃወምም ይቻላል። መሠረቱ ግን የተጣለው በታሆ ክለብ፣ በአሜሪካ የታዳጊ ውድድሮችና በእናቷ መኪና ነው።

“ችሎታ ካለ ገንዘብ አይቸግርም”

ይቸግራል። ስኪው፣ ጫማው፣ ሄልሜቱ፣ የተራራው መግቢያ፣ የክለብ ክፍያ፣ ጉዞው፣ ሁሉም ውድ ነው። ልጅ ደግሞ ያድጋል፤ የዘንድሮው ጫማ ለከርሞ አይሆንም። ስንት ጎበዝ ልጅ በዚህ ምክንያት ሳይታይ እንደቀረ ሳስብ ያመኛል።

“ለሐበሻ የሚሆን አይደለም”

ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በልጅነቱ አሜሪካ ሄዶ፣ ሌክ ፕላሲድ አዳሪ ትምህርት ቤት እያለ ስኪ ተማረ። በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ለኢትዮጵያ ተወዳደረ። የእሱ የረጅም ርቀት ስኪ ነው፣ ዝላይ የለበትም። በክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ተወዳዳሪ እሱ ነው።

ዴንቨር ወይም ሲያትል ያላችሁ ወላጆች፣ ተራራው ከእናንተ ይልቅ ከአይሊን ቤት ይርቅ ነበር። ልጃችሁ ከጠየቃችሁ ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ። የስኪ ሱቆች ለልጆች ለሙሉ ወቅት ያከራያሉ። በመጀመሪያ ከአስተማሪ ጋር መቆምና መውደቅ ይማር። ክለብ ስትጠይቁም ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ለመክፈል ለተቸገረ ቤተሰብ ድጋፍ አላቸው ወይ? ልጆቹስ በረዶ ላይ ከመዝለላቸው በፊት የት ነው የሚለማመዱት?