የሚኒስትር ታማኝነት ጥያቄ በገዢ ፓርቲ የአመራር ክፍፍል ወቅት፦ ኢትዮጵያ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ መንግሥት አንድ ሚኒስትር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ኃላፊነት ይዞ ይኖራል። በሚኒስትሮች ምክር ቤት የመንግሥት ሹም ነው፤ በፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ወይም ሥራ አስፈጻሚ ውስጥ ደግሞ የፖለቲካ መሪ ነው። የፓርቲው አመራር ለሁለት ሲከፈል ሁለቱ ኃላፊነቶች ይጋጫሉ። «ሚኒስትሩ ከየትኛው ወገን ነው?» የሚለው ጥያቄም ከሥራ አፈጻጸሙ በፊት ይነሣል። ይህ ዳሰሳ ጥያቄው በየዘመኑ የት እንደተነሣ፣ እንዴት እንደተመለሰና ለተጠያቂዎቹ ምን እንዳስከተለ ያሰባስባል።

የሕግ መሠረት

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የፓርቲ ታማኝነትን የሹመት መስፈርት አላደረገም። በአንቀጽ 74 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አባላትን ከሁለቱ ምክር ቤቶች ወይም ብቃት ካላቸው ሌሎች ሰዎች መካከል መርጦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል፤ ሹመቱንም ያስጸድቃል። አንቀጽ 72 ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አባላት በጋራ ለወሰኑት ውሳኔ የጋራ ተጠያቂነት እንዳለባቸው ይደነግጋል። የምክር ቤት ወንበር ያለው ሚኒስትር በአንቀጽ 54 ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ተገዢ ነው። ይህ አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ ታላላቅ ድንጋጌዎች አንዱ ሲሆን፣ በክፍፍል ጊዜ የሚያስታውሰው ማጣቱ ያሳዝናል።

በተግባር ጥያቄው የሚነሣው በግምገማ መድረክ ነው። ግምገማ ከትጥቅ ትግሉ ዘመን የመጣ የሂስና ግለ ሂስ ሥርዓት ነው፤ አባሉ በጓዶቹ ፊት ቆሞ ስለ አመለካከቱ፣ ስለ ሥራውና ስለ ሥነ ምግባሩ ይጠየቃል። በዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት መርህ መሠረት ደግሞ አናሳው ድምፅ ለብዙኃኑ ውሳኔ ተገዢ ነው። ከውሳኔ በኋላ ተቃውሞውን የቀጠለ «አንጃ» ይባላል፤ ይህ ስም ከወጣለት በኋላም የሚኒስትርነት ዕድሜው ብዙ አይረዝምም።

ከኢሕአዴግ በፊት

ከ1983 በፊትም ለንጽጽር የሚጠቀስ ምሳሌ አለ። በ1977 በተመሠረተው የደርግ ፓርቲ፣ በኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ዘመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጎሹ ወልዴ በ1979 መጀመሪያ ኒው ዮርክ ሳሉ ሥልጣናቸውን ለቀዋል።

የ1989ኙ ጉዳይ

አቶ ታምራት ላይኔ በሽግግሩ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ከዚያም ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የመከላከያ ሚኒስትር ነበሩ። በጥቅምት 1989 ከፓርቲና ከመንግሥት ኃላፊነታቸው ተነሡ፤ በኋላም በሙስና ተከሰው የ18 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ከእስር የወጡት በታኅሣሥ 2001 ነው። የተነሡበት ምክንያት በይፋ የሥነ ምግባር ጉድለት ቢሆንም፣ ጉዳዩ በድርጅታቸው በብአዴን (የአማራ ብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ) ታይቶ ወደ መንግሥት መምጣቱ ለቀጣዮቹ ዓመታት መንገድ ጠርጓል።

የ1993ቱ ክፍፍል

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሣው፣ ከሁሉም በላይ የተጻፈበትም ይህ ክፍፍል ነው። የኤርትራ ጦርነት በሰኔ 1992 በተኩስ አቁም፣ በታኅሣሥ 1993 ደግሞ በአልጀርስ ስምምነት ተቋጨ። በጦርነቱ አመራርና በሰላም ሂደቱ ላይ የነበረው ቅሬታ በገዢው ግንባር በኢሕአዴግ ውስጥ ወደነበረው ወደ ሕወሓት (የሕዝባዊ ወያነ ሓርነት ትግራይ) ማዕከላዊ ኮሚቴ ገባ። የሕወሓት መሪና ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት መለስ ዜናዊ ስለ ቦናፓርቲዝም አደጋ፣ ማለትም አመራሩ ከሕዝቡ ተነጥሎ ለራሱ ጥቅም ስለሚገዛበት አደጋ የሚያትት ጽሑፍ አቀረቡ። ተቃዋሚዎቻቸው ግን ጽሑፉ የሉዓላዊነትን ጥያቄ ለማድበስበስ የመጣ ነው አሉ። ድምፅ ሲሰጥ የመለስ ወገን 15 ለ13 አሸነፈ፤ ልዩነቱ ሁለት ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያም 12 አባላት ስብሰባውን ጥለው ወጡ፤ በመጋቢት 1993ም ታገዱ። ከታገዱት መካከል ተወልደ ወልደማርያም፣ የትግራይ ክልል ፕሬዚዳንት ገብሩ አስራት፣ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ፣ አረጋሽ አዳነና ዓለምሰገድ ገብረአምላክ ይገኙበታል።

ጥያቄው ከሕወሓት ወጥቶ ወደ ሌሎቹ የግንባሩ ድርጅቶችና ወደ ጦሩ ተሻገረ። ኤታማዦር ሹሙ ጻድቃን ገብረተንሳይና የአየር ኃይል አዛዡ አበበ ተክለሃይማኖት ከኃላፊነታቸው ተነሡ። ግንቦት 4 ቀን የደኅንነት ኃላፊው ክንፈ ገብረመድኅን አዲስ አበባ ውስጥ በመኮንኖች ክበብ በጥይት ተገደሉ፤ ግድያውን ከክፍፍሉ ጋር የሚያያይዙም የሚለዩም አሉ። በሰኔ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከድርጅታቸው ከኦሕዴድ (የኦሮሞ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት) ጋር ተለያዩ። ሆኖም የርዕሰ ብሔርነት ሹመታቸው ከምክር ቤት እንጂ ከድርጅት የመጣ አልነበረምና መስከረም 28 ቀን 1994 በግርማ ወልደጊዮርጊስ እስኪተኩ ድረስ በቦታቸው ቆዩ። ምክር ቤቱ የሰጠው ሹመት ከድርጅት ቁጣ የተረፈበት ይህ አጋጣሚ በክብር ሊጠቀስ ይገባል።

የስዬ አብርሃ ጉዳይ በሌላ መንገድ ሄደ። በሰኔ 1993 በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ፤ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ቢለቋቸውም ወዲያው እንደገና ተያዙ። ብዙ ሳይቆይም በሙስና የተጠረጠሩ ሰዎችን የዋስትና መብት የሚከለክል የሕግ ማሻሻያ ወጣ። መንግሥት ክሱ ከፖለቲካው ልዩነት ጋር አይገናኝም ብሏል፤ ደጋፊዎቻቸው ደግሞ የክፍፍሉ ቅጣት አድርገው ያዩታል። የቀኖቹ ቅርበት ለሁለተኛው አስተያየት ክብደት ይሰጠዋል። ስዬ የተፈቱት በ1999 ነው።

የአባይ ፀሐዬ ታሪክ ከሁሉም ይለያል። መጀመሪያ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቆመው የነበሩት አባይ፣ ኋላ ከሐሰን ሽፋ ጋር ወደ ብዙኃኑ ተመለሱ። የአስፈጻሚ አካላት በአዋጅ ቁጥር 256/1994 እንደገና ሲዋቀሩ የፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በዚህ ሥርዓት ጥርጣሬን ይፍቅ የነበረው ግለ ሂስ ነበር፤ የክርክሩ ጭብጥ ትክክል መሆን አለመሆኑ ከዚያ በኋላ አልተጠየቀም።

የ2010 ሽግግር

የካቲት 8 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ የመልቀቂያ ጥያቄ አቀረቡ። መጋቢት 18 ቀን 180 አባላት ያሉት የኢሕአዴግ ምክር ቤት ዶክተር ዐቢይ አሕመድን በ108 ድምፅ ሊቀመንበር አድርጎ መረጠ፤ ሽፈራው ሽጉጤ 59 ድምፅ አገኙ። ውድድሩ በድምፅ ቆጠራ ማለቁ ከ1993ቱ ጋር ሲነጻጸር የሚያስደስት እርምጃ ነበር።

የለማ መገርሳ ጉዳይ

ከሚያዝያ 2011 ጀምሮ የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ለማ መገርሳ የለውጡ አመራር ዋና ፊት ነበሩ። በኅዳር 2012 ኢሕአዴግ ወደ ብልጽግና ፓርቲ ሲዋሐድ፣ ውሕደቱንም ሆነ የዐቢይን የፖለቲካ ፍልስፍና፣ የመደመርን እሳቤ እንደማይቀበሉ ለአሜሪካ ድምፅ የአፋን ኦሮሞ ክፍል ተናገሩ። በሥልጣን ላይ ያለ ሚኒስትር ልዩነቱን ከግምገማ አዳራሽ ውጭ፣ ለሕዝብ ጆሮ ሲናገር መስማት በዚህ አገር ያልተለመደ ነገር ነው። ፓርቲያቸው በቀጣዩ ወር ልዩነቱ በውይይት መፈታቱን ገለጸ። በነሐሴ 2012 ግን የፓርቲ ኃላፊነታቸውን አልተወጡም ተብለው ከማዕከላዊ ኮሚቴ ታገዱ፤ በዚያው ወር በሚኒስትርነታቸው ቦታ ቀነዓ ያደታ ተተኩ። ከፓርቲ መታገድ ቀድሞ፣ ከሚኒስትርነት መነሣት ተከትሎ መጣ። የታምራት ላይኔም ሆነ የለማ መገርሳ ወንበር የመከላከያ ሚኒስትርነት ነበር፤ ስዬ አብርሃም ቀድሞ ይዘውት ያውቃሉ። ጦሩን የሚመራ ሲቪል ሹም ወገን መለየቱ ከሌሎች ሚኒስትሮች ይልቅ ጥርጣሬ የሚያስነሣ ይመስላል።

የ2013 ጥሪ

ሕወሓት ከውሕደቱ ውጭ ከቀረ በኋላ፣ የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ዘመን አብቅቷል በማለት ከመስከረም 25 ቀን 2013 ጀምሮ በፌዴራል ምክር ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ያሉ አባላቱ ኃላፊነታቸውን እንዲለቁ ጠራ። የፌዴራል መንግሥት በበኩሉ የሥራ ዘመኑ በምርጫው መራዘም ሳቢያ በሕገ መንግሥት ትርጉም መቀጠሉን አስታውቋል። ከትግራይ የመጡና በፌዴራል ሹመታቸው የቀጠሉም ነበሩ፤ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር አብርሃም በላይ በመስከረም 2014 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ተሾመዋል።