«89» እና «ሁለት ሊትር»

ጎረቤቴ ደብረ ብርሃን ላይ አባቱን ሲያስታምም «ኦክስጅኑ 89 ሆኖ ሳለ ሁለት ሊትር ብቻ ሰጡት» እያለ ሲብከነከን ሰነበተ። ቁጥሮቹ ግን የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው።

ጣት ላይ የሚቆነጠጠው መሣሪያ ያሳየው 89፣ ደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው ፕሮቲን) ስንት በመቶው ኦክስጅን እንደተሸከመ ነው። ሊትሩ ደግሞ በአፍንጫ ቱቦ በየደቂቃው የሚገባው ኦክስጅን ነው። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ በሁለት ሊትር ወደ 28 በመቶ ግድም ይደርሳል።

ከፍታውም አለ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ እዚህም ያው 21 በመቶ ነው፤ የቀነሰው ግፊቱ ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ ወደ ደም የሚያልፈው ኦክስጅንም ያንሳል። ስለዚህ ጤነኛ ሰው ከ95 በታች ቢያሳይ አይደንቅም፤ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ቢለካ ከፍ ይልለታል። ብርድ ያደነዘዘው ጣትና የጥፍር ቀለምም መሣሪያውን ያሳስታሉ። በእኛ ብርድ እጅን ሳያሙቁ መለካት ከንቱ ድካም ነው።

ታዲያ ለምን አይጨምሩለትም? ሳንባቸው በሲጋራ ወይም በጭስ ለዓመታት ለተጎዳ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ88 እስከ 92 ነው፤ ከዚያ ካለፈ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደማቸው ሊከማች ይችላል። ጎረቤቴ መቆጣጠሪያውን ሊያዞር እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ደግነቱ ነርሷ ደረሰችበት።